የትኛው 1/1987? የሕግ ላይብረሪያን ሥራ ከጎንደር ሆኖ ሲታይ

ማራኪ ካምፓስ አካባቢ ጀበና ቡና እየጠጣሁ አንዲት የሕግ ተማሪ አገኘችኝ። ላፕቶፗን ታቅፋለች፤ ፊቷ ጠቁሯል። "ጋሼ፣ ላብድ ነው" አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። "ይሄ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሕገ መንግሥቱን 'አዋጅ ቁጥር 1/1987' ብሎ ይጠቅሳል። የእኔ የአማርኛው ሕገ መንግሥትም 1/1987 ነው የሚለው። አንቀጾቹ ግን ጭራሽ አይገናኙም። የቱ ነው የተሳሳተው?"

ማንም አልተሳሳተም። በእኛ አቆጣጠር 1/1987 ማለት አሁን ሥራ ላይ ያለው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ነው፤ ነሐሴ 1987 ዓ.ም. የወጣው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1/1987 ማለት ግን የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ነው፤ ደርግ በመጨረሻ ዘመኑ ያወጣው፣ በእኛ 1980 ዓ.ም. መባቻ ላይ የታወጀው። ሁለት ሕገ መንግሥት፣ ሁለት ሥርዓት፣ አንድ ቁጥር። ልጅቷ የምታነበው ጽሑፍ ስለ ደርግ ዘመን ነበር።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። "አዋጅ ቁጥር 1" የሚባል ሕግ ግን በአገራችን ሞልቷል። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1 ነው። ደርግ በመስከረም 1967 ሥልጣን የያዘበትም ቁጥር 1 ነው። የ1980ው አለ። የ1987ው አለ። መንግሥት ሲለወጥ ቆጠራው እንደ አዲስ ከአንድ ይጀምራል። ክልሎችም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ አንድ ሰው "አዋጅ ቁጥር እንትንን አምጣልኝ" ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው "የማን? በየትኛው አቆጣጠር?" ነው።

ይህን መጠየቅ የሚያውቅ ሰው ነው የሕግ ላይብረሪያን። ሥራው ምን እንደሆነ፣ በነጻ ምን መሣሪያ እንዳለው፣ ሰውስ እንጀራ ሊበላበት ይችል እንደሆነ ዛሬ ላውራ።

ሕጉ በሕይወት አለ ወይ?

ላይብረሪያን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መታወቂያ ተቀብሎ መጽሐፍ የሚሰጥ፣ በየመሃሉ "ኧረ ዝም በሉ" የሚል ሰው ነው። እሱም ሥራ ነው፤ አልንቀውም። የሕግ ላይብረሪ ግን ሌላ ጣጣ አለው። የታሪክ መጽሐፍ ቢያረጅ ይከበራል። ሕግ ሲያረጅ ይሻራል። የተሻረ ሕግ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ደግሞ ከአዲሱ ምንም አይለይም። ግንባሩ ላይ "ሞቻለሁ" ብሎ አይጽፍም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ መደርደሪያችን ላይ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ብቻ ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ መጣች። የወሊድ ፈቃዷ ስንት ቀን እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች። አወጣሁላት፤ 90 ቀን ይላል። አመስግናኝ ሄደች። 377ን የሻረው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ወጥቶ ሰነባብቷል። እሱ የሚለው 120 ቀን ነው፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90። በማግስቱ ሳውቅ ደነገጥኩ። በሰው በሰው አፈላልጌ አገኘኋት። 30 ቀን ለአራስ ቀልድ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ አዋጅ የማነበው ከኋላ ጀምሬ ነው። መጨረሻው አካባቢ "የተሻሩና ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎች" የምትል አንቀጽ አለች። ማን ማንን እንደገደለ እዚያ ላይ ተጽፏል። ተማሪዎች ይዘልሏታል። እኔ ከዚያ ነው የምጀምረው።

ይባስ ብሎ ግማሹ የሞተ ሕግ አለ። የ1952ቱን የንግድ ሕግ ውሰዱ። በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 1243። ብዙ ሰው አሮጌው በሙሉ የተሻረ ይመስለዋል። አይደለም። የተሻሩት አንደኛው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው መጻሕፍት ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው፣ ማለትም ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ፣ ስለሚተላለፉ የገንዘብ ሰነዶችና ስለ ባንክ የሚያወሩት፣ ቀርተዋል። የቼክ ክርክር ያለበት ሰው አሮጌውን መጽሐፍ ይፈልጋል፤ አክሲዮን ማኅበር የሚያቋቁም አዲሱን። አንድ ሰሞን "አዲሱ ስለወጣ" ተብሎ አሮጌው ወደ መጋዘን የተወረወረበት ቦታ አይቻለሁ። መልሶ ለማውጣት የፈጀው ጊዜ ለጉድ ነው።

ሌላው ጥያቄ የማን ሕግ ነው የሚለው ነው። ጎንደር ላይ ይህ በየቀኑ ይመጣል። ባልና ሚስት ሊፋቱ ነው እንበል። ኢንተርኔት ላይ ቶሎ የሚገኘው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ 213/1992። ጎንደር ላለ ትዳር የሚሠራው ግን የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ 79/1995። የገጠር መሬት ክርክርም ላይ እንዲሁ ነው። የፌዴራል አዋጅ አለ፤ የክልሉ ደግሞ የራሱ አለው፤ 252/2009። የፌዴራሉ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ የክልላችን በዝክረ ሕግ። ነጋሪትን የማያውቅ የለም። ዝክረ ሕግን ግን የሕግ ተማሪ ሆኖ ሦስተኛ ዓመት ድረስ በዓይኑ ያላየ ገጥሞኛል።

መመሪያ የሚባለውማ ራስ ምታት ነው። አዋጅ ፓርላማ ያወጣዋል፤ ይታተማል። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣዋል፤ ይታተማል። መመሪያ ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚያወጣው ነው። ለብዙ ዘመን በሹም መሳቢያ ውስጥ ሲኖር ቆይቷል። ባለጉዳዩ የሚቀጣበትን ሕግ አያውቀውም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ 1183/2012፣ ይህን ለማስቀረት መመሪያ እንዲመዘገብና በድረ ገጽ እንዲወጣ ግድ አለ። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። ይህ ለላይብረሪያን ትልቅ ነገር ነው። "መመሪያው አለ" የሚል መሥሪያ ቤት ሲገጥማችሁ "መዝገብ ቁጥሩስ?" ማለት ይቻላል።

የሰበር ውሳኔም አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት እንዲያስገድድ የተደረገው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው። አሁን ነገሩ በ1234/2013 ተሸፍኗል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ይታተማሉ፤ ከ20 ቅጽ አልፈዋል። አስቸጋሪው ችሎቱ የቀድሞ ትርጉሙን መለወጥ መቻሉ ነው። አንድ ቅጽ ላይ የተነገረው ሌላ ቅጽ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ይህን የሚከታተል ሰው ያለው ጠበቃ ሌሊት ይተኛል።

ስለ ፍለጋም አንድ ነገር ልበል፤ እንግሊዝኛ ሲፈልጉ የማይገጥም ነገር ነው። "ሠራተኛ" ወይስ "ሰራተኛ"? "ሕግ" ወይስ "ህግ"? "ፍትሕ" ወይስ "ፍትህ"? ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ባዕድ ናቸው። አንዱን ጽፎ ያጣ ሰው "የለም" ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ የድሮዎቹ ጋዜጦች ስካን የተደረጉ ፎቶዎች ናቸው፤ ውስጣቸው አይፈለግም። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡትን ኮፒ ስታደርጉ ደግሞ የሚወጣው ጉድ ነው፤ አማርኛም እንግሊዝኛም አይደለም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነውና ከዚያ በፊት ሁሉም በየራሱ መንገድ ነበር የሚሄደው። ስለዚህ ፈልጋችሁ ስታጡ ፊደሉን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ሦስቴ ሳትሞክሩ "የለም" አትበሉ።

ጎንደርና የሕግ መጽሐፍ

ነገሩ ለከተማችን አዲስ አይደለም። ፋሲል ግቢ የገባ ሰው የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት አይቶታል። አብዛኛው ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። በዚያ ዘመን ዋናው የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነበር። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው። 51 አንቀጽ አለው፤ 22ቱ መንፈሳዊ፣ የቀሩት ሥጋዊ። የሚያውቀው ሊቁ ነበር፤ ዳኛው ሲቸገር ሊቁን ይጠይቃል። የሕግ ላይብረሪያን ማለት ከዚህ ምን ይለያል?

እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ኅዳጉ ነው፤ የብራናው ገጽ ባዶ ጠርዝ። በጎንደር ዘመን የጉልት ስጦታና የመሬት ሽያጭ በየአድባራቱ መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ እማኙ፣ ዋሱ። ወንጌሉ መዝገብ ቤትም ነበር ማለት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ካስቀመጧቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዞች ተወሰዱ። ዛሬ ወደ 350 የሚጠጉ የመቅደላ ብራናዎች ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አሉ። የጎንደርን የመሬት ታሪክ የሚያጠና ሰው ከጎንደር ተነሥቶ ለንደን ይሄዳል። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" የሚለው ተረት ትዝ የሚለኝ ይህን ሳስብ ነው።

በነጻ የሚገኘው

ዌስትሎው፣ ሌክሲስ፣ ሃይንኦንላይን የሚባሉ የሕግ መረጃ ቋቶች አሉ። ውድ ናቸው። የአንድ ዓመት ክፍያቸውን ሰምቶ ያልሳቀ የዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ኃላፊ አላየሁም። እነሱን እንለፋቸው።

በደንብ ማወቅ ያለብን ጎአሊን ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ስለሆነ፣ እዚህ ከተማ የጤና ሰዎች ሂናሪን እንደ ጓዳቸው ያውቁታል። ሂናሪ የጤና መጽሔቶችን ለድሃ አገሮች በነጻ የሚከፍት ነው። ብዙዎች የማያውቁት ሂናሪ የሕግ ወንድም እንዳለው ነው፤ ጎአሊ ማለት እሱ ነው። ሁለቱም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል አንድ ጥላ ሥር ናቸው። ጎአሊ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የሚመራው የዓለም ሥራ ድርጅት ነው፤ የኮርኔልና የዬል ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪዎችም ያግዙታል። ኢትዮጵያ ክፍያ ከማይጠየቅባቸው አገሮች መካከል ናት።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ጎአሊ ለግለሰብ አይሰጥም። የሚመዘገበው ተቋም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ተቋም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ያገር ውስጥ ግብረ ሰናይ ድርጅት። ተቋሙ ከተመዘገበ በኋላ የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ላይብረሪው ጋ ይቀመጣል። ስለዚህ ተማሪ ከሆናችሁ ኢንተርኔት ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ላይብረሪው ጠረጴዛ ጋ ሄዳችሁ "የሪሰርች ፎር ላይፍ ፓስወርድ አለ?" በሉ። "ምን እሱ?" ከተባላችሁ ሂናሪን ጥሩ። ያኔ ፊታቸው ይፈታል። ሥልጠናውንም በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣሉ።

የአገራችንን የሕግ መጽሔቶች ለሚፈልግ ሰው ደቡብ አፍሪካ ያለው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ጥሩ ነው። ሚዛን የሕግ መጽሔትን እዚያ ታገኙታላችሁ። የአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚወጣ ነው፤ የድሮ ቅጾቹ የ1950ዎቹን ሕጎች ለመረዳት ወርቅ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን 3367 ቁጥሮች አሉት፤ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ናቸው። አማርኛው ግራ ሲያጋባ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ማየት የሚቻለው በዚያ ዘመን ጽሑፎች ነው። ቢሆንም አትርሱ፤ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ይህ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የተጻፈ ነው።

ለጀማሪ ግሎባሌክስን እመክራለሁ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚያዘጋጀው ነው፤ የየአገሩን ሕግ እንዴት መፈለግ እንደሚቻል ያስረዳል፤ የኢትዮጵያም አለ። ስለ ሥራ ሕግ ናትሌክስ፣ ስለ መሬትና ግብርና ፋኦሌክስ፣ ስለ አእምሯዊ ንብረት ዋይፖ ሌክስ አሉ። አገር ውስጥ ደግሞ አቢሲኒያ ሎው የተባለውን ድረ ገጽ የማይከፍት ጠበቃ የለም ማለት ይቻላል። ግን ድረ ገጽ ላይ ያገኛችሁትን ከጋዜጣው ጋር ሳታመሳክሩ ፍርድ ቤት ይዛችሁ አትግቡ።

ሌላው ምክሬ አውርዳችሁ ያዙ ነው። ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበትን ጊዜ ጎንደር የነበረ ሰው አይረሳውም። ያን ጊዜ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ የሰበር ቅጾችን የያዘ ሰው ንጉሥ ነበር። በሕግም ነጻ ነን። የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ ለሕግና ለአስተዳደር ኦፊሴላዊ ጽሑፎች ጥበቃ አይሰጥም። አዋጅ ስካን አድርጎ ማባዛት ስርቆት አይደለም። የሰው መጽሐፍ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ተዉት።

እንጀራውስ?

እውነቱን ልናገር። "የሕግ ላይብረሪያን ይፈለጋል" የሚል ማስታወቂያ ጎንደር ፒያሳ ላይ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም። ሥራው አለ፤ ስሙ ግን የለም። ፍርድ ቤት ውስጥ "መዝገብ ቤት" ይሉታል፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ "ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ"፣ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ "ረዳት"።

የሚለወጥ የሚመስለኝ ከጠበቆች በኩል ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል። ድሮ ጠበቃ ብቻውን ነበር፤ ላይብረሪው ጭንቅላቱ ነበር። አሥር ጠበቃ አንድ ላይ ሲሠራ ግን የአንዱን ጥናት ሌላው እንዳይደግመው የሚያደራጅ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው። አፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም እዚያው ናቸው፤ ላይብረሪ አላቸው።

ውጭ አገር ሙያው ስም አለው። በአሜሪካ የሕግ ላይብረሪያኖች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። እዚያ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ላይብረሪ ተመራማሪን ለማማከር ብዙ ጊዜ ሁለት ዲግሪ ይጠየቃል፤ የሕግና የላይብረሪ ሳይንስ። እንግሊዝ አገር የሕግ ዲግሪው ያን ያህል ግዴታ አይደለም። እኛ ዘንድ የሕግ ዲግሪ ያለው ላይብረሪያን መሆን ውርደት ይመስለዋል፤ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመራቂው ደግሞ ሕግ ያስፈራዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ወንበር ባዶ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ቢቀነስልኝ እዚያ ላይ ነበር የምቀመጠው።

አማርኛ ማወቅም ገበያ አለው። የአሜሪካ ኮንግረስ የሕግ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ1832 የተቋቋመ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ጥራዝ ያለው፣ የዓለም ትልቁ ነው። የውጭ አገር ሕግ የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሉት። የምሥራቅ አፍሪካን ኅትመት የሚሰበስብ ቢሮም ናይሮቢ ላይ አለ።

ለመውጣት ግን መጀመሪያ መታወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሕግ ላይብረሪዎች ማኅበር በየዓመቱ በተለያየ አገር ኮርስ ያዘጋጃል፤ አቅም ለሌለው ተሳታፊ ድጎማ አለው። የአሜሪካው ማኅበርም ለውጭ አገር የሕግ ላይብረሪያን በዓመታዊ ጉባኤው እንዲገኝ የሚሰጠው የሻፈር ድጎማ አለ። ኢፍላ በሚባለው ዓለም አቀፍ የላይብረሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን ውስጥም የሕግ ላይብረሪዎች ክፍል አለ። ለአፍሪካ ደግሞ አክራ የሚገኘው የላይብረሪዎች ማኅበር፣ አፍሊያ፣ አለ። ማመልከቻ ላይ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ "ምን ሠርተሃል?" ነው። "አምስት ዓመት አገልግያለሁ" ማለት ብዙም አይረዳም። የሚረዳው አንድ የተሠራ ነገር ነው፤ ማውጫ፣ ዝርዝር፣ ስካን የተደረገ ስብስብ።

ይህን ለዚያች ተማሪም ነግሬያት ነበር። ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ሠንጠረዥ ላከችልኝ። በአንድ በኩል የእኛ ዓመት፣ በሌላው የፈረንጅ፣ ጫፉ ላይ የሻረው ሕግ። "አዋጅ ቁጥር 1" የሚሉትን በቀይ አቅልማቸዋለች። የክልሉ ረድፍ ግን ባዶ ነው። "ጋሼ፣ ዝክረ ሕግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የያዘ ሰው ጎንደር ውስጥ አይጠፋም፤ ያውቃሉ?" ብላ ጽፋለች። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ አውቃለሁ። አልጋቸው ሥር በቆርቆሮ ሳጥን ነው የሚያስቀምጡት። ቅዳሜ ከቡና በኋላ ይዣት እሄዳለሁ፤ ስካነሩን እሷ ትሸከም።